«ፈንታ» ያልኩ ዕለት

ከዕድሜዬ ላይ ሦስት ሰዓት ጎድሎኛል። ያን ዕለት ደባርቅ የነበረ ሰው ሁሉ ያንን ሦስት ሰዓት ያውቀዋል፤ እኔ ብቻ አላውቀውም። እንግዲህ የማላውቀውን ነገር ልተርክላችሁ ነው። ካመናችሁኝ አድምጡኝ፣ ካላመናችሁኝም አልቀየምም፤ እኔም በዚህ ጉዳይ ራሴን አምኜው አላውቅም።

ዘመኑ የጃንሆይ ነው፣ የስድሳዎቹ መጀመሪያ። ሃያ አራት ዓመቴ ነበር፤ ደባርቅ ጤና ጣቢያ ድሬሰር ነበርኩ። ዛሬ ድሬሰር ስላችሁ «ቁስል ጠራጊ ነዋ» ብላችሁ ትስቁ ይሆናል። ያኔ ግን ከበየዳ ቀናት ተጉዞ የመጣ ባላገር «ዶክተር» ብሎ ጉልበቴን ሊስም ጎንበስ ይላል። እኔም አልከለክልም። ነጭ ጋዎን፣ የተወለወለ ጥቁር ጫማ፣ ደረት ኪሴ ላይ ሁለት እስክሪብቶ። አንደኛው አይጽፍም፤ ለወግ ነው። የደባት ልጅ ነኝ፤ አባቴ ገና ሳልወለድ ሞቶ እናቴ ብቻዋን ናት ያሳደገችኝ። የግራዝማች አድማሱ ልጅ ስመኝ ታጭታልኝ፣ ሠርጉ ለዳግማይ ትንሣኤ ተቆርጧል። ምን ልበላችሁ፣ መሬት አልበቃኝም።

በሁዳዴ አጋማሽ አንድ ሐኪም ከጎንደር መጡ። የሚጥል በሽታ በከተማችን ስንት ሰው ላይ እንዳለ ማወቅ ይፈልጋሉ። በተለይ ደግሞ ክርስቲያኑ፣ እስላሙ፣ ፈላሻው በአንድ ከተማ ሲኖር በሽታው አንዱን ወገን ከሌላው አብልጦ ይይዝ እንደሆነ ማየት ነው ሐሳባቸው። ፈላሻ ያልኩት ያኔ አፋችን የለመደው እሱ ስለነበረ ነው፤ ዛሬ በወጉ ቤተ እስራኤል እንላለን። «ቤት ለቤት ሂድና ጠይቅ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም በላቸው» አሉና አንድ እቅፍ ቅጽ አሸከሙኝ።

የቅጹ አማርኛ የቢሮ አማርኛ ነው። የቤቱ ባለቤት ስም፣ ሃይማኖት፣ የቤተሰብ ብዛት ይላል። ቀጥሎ «በባለቤቱ ፈንታ መልስ የሰጠው ሰው» የሚል አለ። የሚጥል በሽታ ነገር መጨረሻ ላይ ነው። የደባርቅ ባለቤት ደግሞ ቀን ቀን ቤቱ አይገኝም፤ ወይ እርሻ ነው፣ ወይ ገበያ፣ ወይ ሙግት። ስለዚህ በየበሩ እየቆምኩ «በባለቤቱ ፈንታ ማነው የሚመልስ?» እላለሁ። ቀኑን ሙሉ ፈንታ፣ ፈንታ፣ ፈንታ! ተኝቼ እንኳ አፌ ላይ ነበረች። እቺን ቃል አደራ፣ ያዙልኝ።

«የሚጥል በሽታ» ስላቸው ያማትባሉ፤ ስሙ ከተጠራ ይመጣል ነው የሚሉት። ነገሩን ላለዝብ ብዬ «በዚህ ቤት የሚወድቅ ሰው አለ?» ማለት ጀመርኩ። የአንድ አስተማሪ ሚስት ይሄን ስትሰማ እንባዋ መጣ።

«አለ እንጂ! የበኩር ልጄ ሁለት ጊዜ ወደቀ።»

«መቼ መቼ?»

«አምናና ታች አምና።»

«ሲወድቅ አረፋ ይደፍቃል?»

«አባቱ ነው እንጂ በንዴት አረፋ የደፈቀው! እሱማ ምን ተዳው።»

ለካስ የስምንተኛ ክፍል ፈተና ነው። እኔ ግን ጽፌዋለሁ፤ የእስክሪብቶ ጽሑፍ ደግሞ አይጠፋም።

የክርስቲያኑ ሰፈር «እኛ ጋ የለም፣ እስላሞቹ ጋ ጠይቅ» አለኝ። እስላሞቹ ሰፈር ሐጂ እንድሪስ የሚባሉ ነጋዴ ነበሩ፤ ከጎንደር እስከ ዛሪማ የሚመላለስ የጭነት መኪና አላቸው። ሱቃቸው በር ላይ ቁጭ ብለው ሳቁብኝ። «እኛ ጋ ቁርአን ይቀራል፤ ጅን በዚህ አያልፍም። አንተ ልጅ ከንቱ ትደክማለህ። ከወንዙ ማዶ ጠይቦቹ ጋ ውረድ፤ ነገሩ የሚመጣው ከዚያ ነው» አሉኝ። ሦስት ቀን ዞሬ ከዚያ ፈተና ከወደቀው ልጅ በቀር አንድ ሰው አላገኘሁም። ሁሉም ጣቱን የሚቀስረው ወደ ወንዙ ማዶ ነው።

ጠይብ የሚባሉት ብረት ቀጥቃጮችና ሸክላ ሠሪዎች ናቸው፤ ፈላሾች። ቡዳ ናቸው ይባላል። ቡዳ ሰውን በዓይኑ ይበላል፣ የተበላው ወድቆ ይንፈራገጣል። «ማነው የበላህ?» ብለው ሲጠይቁት የበላውን ሰው ስም ይጠራል። ከዚያ ያ ሰው ተይዞ መጥቶ «እንትፍ» ሲልበት ይለቀዋል ይባላል። ይሄን የማያውቅ የደባርቅ ሕፃን የለም። እኔም፣ እውነቱን ልንገራችሁ፣ ሕክምና ተምሬም ቢሆን ወንዙን ስሻገር ዓይኔን ሰበር አደርግ ነበር።

ሐሙስ ቀን ወደ ስድስት ሰዓት ላይ ወረድኩ። ሌሊቱን አንዲት ምጥ የጠናባት ሴት ጋ አድሬ እንቅልፍ የሚባል አላየሁም። ጾም ነውና ሆዴም ባዶ ነው። ፈንታ የሚባለው ቀጥቃጭ ግቢው አፍ ላይ ባለች ዳስ ሥር ወናፉን እየነፋ ማረሻ ያግላል። ፀጉሩ የሸበተ፣ አባቴ ሊሆን የሚችል ሰው።

«አንተ ፈንታ! ና ልጠይቅህ!» አልኩት። አንተ ነው ያልኩት፤ ጠይብን አንቱ የሚል አልነበረም።

ሚስቱ ዘነቡ ከውስጥ ብቅ አለችና ራቅ ብላ ቆመች። «ጌታዬ፣ ከዳሱ ወዲህ አይለፉ፤ አደራዎን» አለችኝ። እነሱን ሰዉ «አትንኩኝ» ነበር የሚላቸው። ከእነሱ ወገን ያልሆነ ሰው ከነካቸው ወንዝ ወርደው ታጥበው፣ ፀሐይ እስክትጠልቅ ውጭ ቆይተው ነው ወደ ቤት የሚገቡት። «እንኳን ልነካችሁ!» ብዬ በሆዴ ሳቅኩ።

የቤቱ ባለቤት ከሚለው ላይ «ፈንታ» ብዬ ጻፍኩ። ያን ጊዜ የተቃጠለ ቀንድ የመሰለ ሽታ ሸተተኝ። ከምድጃው ይሁን ከራሴ ዛሬም አላውቅም። ወናፉ እየራቀ፣ እየራቀ ሲሄድ ይሰማኛል። ያ ነው መጨረሻው።

ቀጥሎ የማውቀው የክብሪት ድኝ ሽታ ነው። አፍንጫዬ ሥር ይጨሳል። ጣራ አየሁ። ጢም አየሁ። ጢሙ ይናገራል።

«ነቃ! እሰይ፣ ነቃ!»

«ማነህ?» አልኩት።

«ጓንጉል ነኝ እንጂ፣ የጤና ጣቢያው ዘበኛ!»

«እኔስ ማነኝ?»

ክፍሉ ሙሉ ሰው ነበር፤ አንድም ሰው አልሳቀም። ቀልድ አልነበረማ! ስሜ ጠፍቶብኝ ነው። አስማረ መሆኔን ለማስታወስ ምን ያህል እንደፈጀብኝ እንጃ። ምላሴ አብጦ አፌን ሞልቶታል፤ ደም ደም ይላል። ሱሪዬ ረጥቧል። ግራ እጄ በጨርቅ ተጠቅልሎ ያንገበግበኛል። አንድ እግሬ ላይ ጫማ የለም። አልጋው የበሽተኛ አልጋ ነው፤ እኔ ሰው የማስተኛበት። ማን እንዳስተኛኝ እየዞርኩ ባያቸው ሁሉም ዓይኑን ያሸሻል።

የስመኝ አባት ግራዝማች አድማሱ ብቻ ወንበር ስበው ቁጭ ብለዋል። ግን ሲያዋሩኝ እንኳ እጃቸውን ጋቢያቸው ውስጥ ደብቀው ነበር።

«አይዞህ ልጄ። ተርፈሃል። ስሙን ተናግረሃል» አሉኝ።

«የማንን ስም?»

«የበላህን ነዋ! ፈንታን። ሦስቴ ጠርተኸዋል። ሰው ሁሉ ሰምቷል።»

«እኔ? መቼ?»

«ተሸክመውህ ሲመጡ። ‹ማነው የበላህ?› ሲሉህ ‹ፈንታ፣ ፈንታ፣ ፈንታ› አልክ። ፖሊስ ይዞታል። ነገ ጠዋት እዚሁ ግቢ ያስተፉታል፣ ይለቅሃል። ከዚያ ወዲያ የሱ ቤተሰብ ክረምቱን እዚህ አገር አይከርምም!»

የሆነውን ቆራርሼ ሰበሰብኩት፤ እሱም እርስ በርሱ አይገጥምም። ውሃ ቀጂ ሴቶች ዘነቡን በላዬ ላይ ተደፍታ አይተዋት ጮኹ። አንዷ «አፏን አፉ ላይ አድርጋ ነፍሱን ስትመጠው ነበር» አለች። ሌላዋ «የለም፣ ፊቱን በውሃ ስታሻሸው ነበር» አለች። ጓንጉል ደግሞ ወርዶ ሲያገኘኝ ዝም ብዬ ተኝቼ አንኮራፋ እንደነበር ይምላል። ማን ነክቶ እንዳነሳኝ የሚናገር የለም። የወደቀን ሰው መንካት ያስፈራላ! ለሃጩ ከነካህ ወዳንተ ይተላለፋል ነው የሚባለው። ለካስ በወሳንሳ፣ በእንጨቱ ጫፍና ጫፍ ይዘው ነው ያመጡኝ።

ሰው ሲወጣልኝ ቅጼን አስመጣሁ። የባለቤት ስም፦ ፈንታ። ከዚያ እስክሪብቶው ከመስመሩ ወጥቶ ወረቀቱን ሰያፍ ሰንጥቆታል። ከሥሩ «በባለቤቱ ፈንታ መልስ የሰጠው ሰው» ይላል። አየሁት፣ ደግሜ አየሁት። እንግዲህ ያልኩት የትኛውን ነው? የሰውዬውን ስም ነው ወይስ የቅጹን ቃል? ሦስት ቀን ሙሉ ስለፈልፋት የነበረችውን ቃል አፌ በራሱ ደግሟት ይሆን? ወይስ እውነት በልቶኝ ይሆን? አዎ፣ ይሄንንም አስቤያለሁ! የተነከሰ ምላስ፣ የረጠበ ሱሪ፣ የጠፋ ሰዓት፤ ሌላ ሰው ላይ ባየው ኖሮ የበሽታውን ስም ባንድ ትንፋሽ እናገር ነበር። ራሴ ላይ ሲሆን ግን ጾሙ ነው አልኩ፣ ፀሐዩ ነው አልኩ፣ ቡዳ ነው አልኩ። ከዚያኛው ስም በቀር የማልለው አልነበረም።

ዐርብ በማለዳ እናቴ መጣች። ሐጂ እንድሪስ መኪናቸውን ደባት ልከው ነው ያስመጡልኝ። በሩን ዘግታ መጀመሪያ ያደረገችው ምን መሰላችሁ? አፌን ከፍታ ምላሴን አየች። ሰው ሁሉ ሊነካኝ በፈራበት ጊዜ ጣቷን አፌ ውስጥ ከተተች። ከዚያ መሬት ላይ ዘፍ አለች።

«ወይኔ ልጄ! ለቆት ነበር እኮ። አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ለቆት ነበር።»

«ምኑ ነው የለቀቀኝ?»

ተነስታ በሩ መዘጋቱን አየች።

«እምዬ፣ ምኑ ነው የለቀቀኝ?»

«በአራት ዓመትህ ጀመረህ። ጠበል ወሰድኩህ፣ ክታብ አስጻፍኩልህ፣ ጥቁር በግ አሳረድኩ። እየቆየ ይጥልህ ነበር። በየዳን ጥለን ደባት የገባነው ለምን ይመስልሃል? ስም እንዳይወጣልህ ነው። አሥራ ሁለት ዓመት ሲሞላህ ተወህ። እኔም ለንስሐ አባቴ እንኳ ትንፍሽ አላልኩም።»

አሁን ይሄን ስሰማ ማዘን ነበረብኝ? መናደድ? አላውቅም። ጭንቅላቴ ገና ሙሉ በሙሉ አልተመለሰም። «ታዲያ ድፍን ከተማ ዞሬ የሚወድቅ ሰው አጣሁ ያልኩት…» ብዬ ጀመርኩና ሳቅ አፈነኝ። ሳቁ ወደ ልቅሶ ሄደ። እናቴ አፌን በነጠላዋ ያዘችው።

«ስማኝ የኔ ሆድ። አሁን ስንወጣ ዝም ትላለህ። ያ ሰውዬ እንትፍ ይልብሃል፤ ‹ተሻለኝ› ትላለህ። በቃ። የቡዳ ነገር ይለቃል፤ ሰውም ይረሳዋል። ያኛው ግን ስም ሆኖ ይቀራል። ማን ይድርሃል? ማን እጅህ ላይ መርፌ ያስይዝሃል?»

«ሰውዬውስ?»

«እሱማ…» አለችና ነጠላዋን አስተካከለች። «እሱማ ለምዶታል።»

ይሄን ያለችው ክፉ ሆና አይደለም፤ እናቴን የሚያውቅ ያውቃታል። ፈርታ ነው። እኔም እሺ አልኳት፤ እሺ ብያት ነው አብሬያት የወጣሁት።

ግቢው ጢም ብሏል። ግራዝማች ከሽማግሌዎቹ ጋር አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ሐጂ እንድሪስም ጥግ ላይ ቆመዋል። ፈንታን እጁን የኋሊት አስረው አንድ ፖሊስ ይዞታል። ወናፉን ጎረምሶች ትናንትና በቢላ ዘልዝለውታል አሉ። ዓይኑን ከመሬት አያነሳም፤ ቢያነሳ «ደገመ!» ይሉታላ።

«ትፋበት!» አሉ ግራዝማች።

«ጌቶቼ» አለ ፈንታ ቀስ ብሎ። «ብተፋ ቡዳ ነኝ ማለቴ ነው፤ ከነልጆቼ ታባርሩኛላችሁ። ባልተፋ ደግሞ ዱላው ይኸው። የትኛውን ላድርግ? እናንተው ምከሩኝ።»

«ያሾፋል እንዴ? ትፋ!»

አንድ ጎረምሳ ዱላውን ከፍ አደረገ። እኔ እናቴን እሺ ብያታለሁ፤ ግን የሰውዬው ጉሮሮ ምራቅ ፍለጋ ሲወጣና ሲወርድ አየሁ። አፉ ደርቋል። ሊተፋ ፈልጎ እንኳ ምራቅ የለውም። ይሄንን ሳይ አላስቻለኝም።

«ተዉት! እሱ አልበላኝም! እኔ ራሴ በሽተኛ ነኝ፤ ከልጅነቴ ጀምሮ ይጥለኛል! ፈንታ ያልኩትም እሱን አይደለም፣ ቅጹን ነው! ‹በባለቤቱ ፈንታ› ይላል፣ ኑ አንብቡት!»

ወረቀቱን እያውለበለብኩ ነው የምጮኸው። ሰዉ በአንድ ድምፅ «በስመ አብ!» አለ። ሽማግሌዎቹ ተያዩ። «አያችሁት? አላልኳችሁም? ቡዳው ነው በሱ አፍ የሚናገረው። እንዳይተፋ ብሎ ራሱን ሊያድን ነው!» አለ አንዱ።

«እኔ ነኝ የምናገረው! አስማረ ነኝ!»

«ትናንት ‹ማነኝ› ብለህ ጠይቀኸን የለም?» አለ ጓንጉል እየተጨነቀ። እሱም ለኔ አስቦ ነው እኮ።

እውነቱን በተናገርኩ ቁጥር የፈንታ ገመድ ይበልጥ ይጠብቃል። ዝም ብል ይጎዳል፣ ብናገር ይጎዳል። በዚያች ሰዓት ማን እየተናገረ እንደሆነ እኔም ራሴ መጠራጠር ጀምሬ ነበር። እግዜር ያሳያችሁ፣ «እውነት ቡዳው ይሆን እንዴ?» ብያለሁ በሆዴ!

ያን ጊዜ ከግቢው በር የሴት ድምፅ ተሰማ። ዘነቡ ናት። ሰው እንዳይነካት ራቅ ብላ፣ ነጠላዋን አፈር አስነክታ ቆማለች።

«እናቱ የታለሽ?» አለች። «እናቱ ካለሽ ስሚኝ። ልጅሽ ፊቱን ወደ እሳቱ ነበር የወደቀው። እጄን ሰድጄ ያወጣሁት እኔ ነኝ። የበላሁት ብሆን ከእሳት አወጣው ነበር ትያለሽ? ይኸው!»

እጇን አነሳች። ከጣቷ እስከ ክንዷ ድረስ ተልጦ፣ ቅቤ ተቀብቶ፣ ቀይ ሥጋ ሆኗል። የኔ እጅ የተጠቀለለበት ጨርቅ የሷ ቀሚስ ጫፍ እንደሆነ ያን ጊዜ ነው ያስተዋልኩት። የገዛ ወገኖቼ ሊነኩኝ ፈርተው በእንጨት ተሸከሙኝ፤ አትንኩኝ የምንላት ሴት ግን ነካችኝ።

እናቴ ያንን እጅ አየች። ብዙ አየችው። ከዚያ በሽማግሌዎቹ ፊት ወጣች። ደባት ውስጥ ቀና ብላ ስትናገር ያልተሰማች ሴት ናት።

«ልጄን ማንም አልበላውም» አለች።

«ምን አልሽ አንቺ ሴት?» አሉ ግራዝማች።

«ከአራት ዓመቱ ጀምሮ ይወድቃል። አሥራ ሁለት ዓመት እስኪሆነው ጣለው። በዚህ ጡት ነው ያሳደግኩት፤ የወደቀበትን ቦታ አንድ በአንድ አውቀዋለሁ። አንዴ ከጎተራ ሥር፣ አንዴ ከቤተ ክርስቲያን ደጅ፣ አንዴ ከጅረት ውስጥ። ይኸው ገበናዬ! የደበቅኩት እኔ ነኝ። ሰውዬውን ፍቱት።»

እኔ ስለው ቡዳ ነው ያሉኝ ሰዎች እሷን አመኗት። እናት በልጇ ላይ ይሄን የመሰለ ነገር ፈጥራ አትናገርማ! ፖሊሱ ገመዱን ፈታ። ግራዝማች ባርኔጣቸውን ደፉና ተነሱ። በአጠገቤ ሲያልፉ ሰላም አላሉኝም፤ ጋቢያቸው እንዳይነካኝ ሰብሰብ አደረጉት። የሠርጌ ነገር እዚያች ላይ አለቀ።

አንባቢዎቼ፣ ከዚህ በኋላ ሁሉ ነገር ተቃና ብላችሁ እንድታስቡ አልፈልግም። ስመኝን ለሌላ ዳሯት፤ አንድ ቃል ሳንነጋገር። አሁንም ስሟ ሲጠራ ደረቴን ይወጋኛል፤ ሽማግሌ ሆኜም። መርፌ ከመውጋት አስነስተው ካርድ ክፍል አስገቡኝ። ባልደረቦቼ «የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው» እያሉ ይስቁብኝ ነበር። እናቴ ደግሞ ያን ያህል ዘመን የደበቀችውን ባንድ ጠዋት ስላወጣችው አንድ ሳምንት ታመመች። ሐኪሙ ሉሚናል የሚባል ነጭ ክኒን አዘዙልኝ። እስከ ዛሬ እውጣለሁ፤ ወድቄ አላውቅም አልላችሁም፣ ግን ትዳር ይዤ ልጆች አሳድጌያለሁ።

አንድ ነገር ግን ተለወጠ። ቅጹን ይዤ እንደገና ከመጀመሪያው በር ጀመርኩ። አሁን ግን ጥያቄውን ትቼ በራሴ እጀምራለሁ፤ «እኔ እወድቃለሁ። ሰምታችኋል። እናንተ ቤትስ?» እላለሁ። ያኔ በሩ ይዘጋል፤ ለማባረር አይደለም፣ እኔን ወደ ውስጥ አስገብተው ነው የሚዘጉት። ከጓዳ ልጅ ይወጣል፣ ከመደብ ላይ አሮጊት ትነሳለች። ጓንጉል እንኳ የገዛ እህቱን ይዞልኝ መጣ። ሐጂ እንድሪስ፣ «ጅን በዚህ አያልፍም» ያሉኝ ሰውዬ፣ ታናሽ ወንድማቸውን በእጁ ይዘው ራሳቸው መጡ። ሐኪሙ ከየትኛው ወገን ይበዛል ብለው ነበር የጠየቁኝ፤ እኔ ያገኘሁት መልስ ሁሉም ሰፈር እኩል መደበቁን ነው። እናንተም ከአጠገባችሁ ሰው ቢወድቅ አደራ፣ ንኩት። ከእሳትና ከድንጋይ አርቁት፣ በጎኑ አስተኙት፣ እስኪነቃ አጠገቡ ቆዩ። አይተላለፍም። ሲነቃ «ማነው የበላህ?» አትበሉት፤ ስሙን ንገሩት።

ወንዙ ማዶ መጨረሻ ላይ ነው የሄድኩት፤ አፍሬ። ፈንታ የተዘለዘለውን ወናፍ በጅማት እየሰፉ ነበር። አዎ፣ እየሰፉ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ አንተ ብያቸው አላውቅም። ይቅርታ አልኳቸው። «ያለው አፍህ እንጂ አንተ አይደለህም» አሉኝ። ዘነቡን ደግሞ «እትዬ፣ ያን ዕለት እንዴት ደፈሩ? ሰው ሁሉ የሚፈራውን፣ ደግሞ ሕግዎን አፍርሰው?» አልኳቸው።

«ታጠብኩ፣ ውጭ ዋልኩ፣ ገባሁ። ውሃ የማያጠራው ነገር አይደለም» አሉና ወደ ቤት ዞረው «ይታይሽ!» ብለው ተጣሩ።

ዘጠኝ ዓመት የሚሆናት ልጅ ብቅ አለች። ግንባሯ ላይ አሮጌ የቃጠሎ ጠባሳ አለ፤ አገጯም አንዴ ተሰንጥቆ የዳነ ነው። እናቷ በተላጠው እጃቸው ፀጉሯን ወደ ኋላ አደረጉላትና ወደኔ ዞሩ።

«የናንተ ሰው ሲወድቅ እኛ በላነው። የኔዋንስ ማን በላት ልበል?»

ቅጼን ዘረጋሁ። ስሟንና ዕድሜዋን ጠየቅኩና ጻፍኩ።